ሐዘኔ ለብቻ፣ እጄ ለብቻ

መጀመሪያ ያቃተኝ የራሴን ቀሚስ ቁልፍ መቆለፍ ነው። የሚያውቁኝ ይህን ሲያነቡ ይገርማቸው ይሆናል። መቱ ውስጥ ልጅ ትምህርት ቤት የላከ ሰው ሁሉ እኔ የተከልኩትን ቁልፍ ቆልፎ ያውቃል። ባለቤቴ ሙላቱና እኔ ከገበያው ከፍ ብላ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ልብስ ሰፊዎች ነበርን። እሱ ይቆርጣል፣ እኔ እሰፋለሁ። እኔ መቀስ አልይዝም፣ እሱ የስፌት መኪናው ላይ አይቀመጥም። ሁለታችን ተደምረን አንድ ልብስ ሰፊ ነን እያለ ይቀልድ ነበር።

ሙላቱ በግንቦት ወር ከጎሬ ሲመለስ በመኪና አደጋ ሞተ። ስለ አሟሟቱ እዚህ ብዙ አልጽፍም። ይህ ጽሑፍ ስለ እጄ ነው። ባል የሞተባት ሴት ስትታመም ሰው ሁሉ ሕመሟን ከሐዘኗ ጋር ጠቅልሎ አንድ ላይ ያስቀምጠዋል። የእኔንም እንዲሁ አድርገውት ነበር። ሁለቱን ለመለየት የታገልኩትን ነው የምተርከው። ጥቁር የለበሰች፣ ጠዋት ጠዋት እጇ አልታዘዝ የሚላት ሴት ካለች ታንብበው ብዬ ቀስ እያልኩ እጽፋለሁ። ቀስ የምለው አንድም ሐዘንተኛ ስለሆንኩ፣ አንድም ጣቶቼ ረጅም መስመር ስለማይወዱ ነው።

ሕመሙ የጀመረኝ ከአርባው በኋላ፣ ክረምቱ ሲገባ ነው። ለቅሶው ቤት መሬት ላይ በተነጠፈ ፍራሽ ላይ ነበር የሰነበትኩት። እንግዳው ሁሉ ሄዶ ድንኳኑ ከፈረሰ በኋላ ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። አንድ ቀን ጠዋት ስነሣ ጣቶቼ አልዘረጋ አሉኝ። ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ጨብጬ ያደርኩ ይመስል ነበር። ከመዳፌ ቀጥሎ ያሉት አንጓዎች አብጠዋል፣ ሲነኳቸው ይሞቃሉ። ከአልጋ ወርጄ ስቆም ደግሞ የእግሬ ጣቶች ሥር ጠጠር የረገጥኩ መሰለኝ። ቁርስ ሰዓት አልፎ ረፈድ ሲል እየላላ መጣ። ተሻለኝ ብዬ ደስ አለኝ። በማግስቱ ጠዋት ግን እዚያው ነበርኩ።

የሙላቱ ታላቅ እህት እትዬ ብርቄ በጎሬ መንገድ ካለችው ቡሬ በአውቶቡስ እየመጡ ያዩኝ ነበር። ረጅም፣ ድምፃቸው ከሰውነታቸው የሚበልጥ ሴት ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይቀላቅላሉ።

«ሀርኪ ኬ ማል ተኤ?» አሉኝ፤ እጅሽ ምን ሆነ ማለታቸው ነው።

«እንጃ እትዬ። ጠዋት ጠዋት አልታጠፍ ይለኛል።»

«ደረትሽን የደቃሽበት ነዋ። ያዟት፣ ያዟት እያልኩ ስጮህ አልነበር? በዚያ ላይ ፍራሹ ከመሬት ነው። ብርዱ አጥንትሽ ገብቷል።»

«ሁለቱም እጄ እኩል ነው እኮ የሚያመኝ። እግሬም ጭምር። በእግሬ ደረቴን አልደቃሁ።»

«ታዲያ ሐዘን ቦታ መርጦ ነው የሚገባው?» አሉና ቅቤ አምጥተው እጄን አሹልኝ። መታሸቱ ደስ ይላል። ሕመሙ ግን እዚያው ነው።

እትዬ ብርቄ ብቻቸውን አልነበሩም። ጎረቤቱም፣ የእድሩ ሴቶችም፣ የንስሐ አባቴም ያንኑ ነበር የሚሉት። ሐዘን ነው፣ ሲወጣልሽ ይለቅሻል። በክፋት አይደለም። ሰው ያየውን ምክንያት ነው የሚይዘው፤ የእኔ ምክንያት ደግሞ ከራስ ፀጉሬ እስከ እግሬ ጥቁር ለብሶ ይታያል።

ሥጋቴ ግን ሌላ ነበር። ነሐሴ እየመጣ ነው። በነሐሴ ተማሪ ሁሉ ዩኒፎርም ያሰፋል፤ የዓመት እንጀራችን የሚጋገረው በዚያ ወር ነው። ሙላቱ ከመሞቱ በፊት የቆረጠው የሸሚዝ ጨርቅ ሱቁ ውስጥ ተደርድሮ ይጠብቀኛል። ልጅ አልሰጠንም። እጄ ካልሠራ ሱቁ ይዘጋል። ሱቁ ከተዘጋ ቡሬ ወርጄ እትዬ ብርቄ ቤት ጥግ ይዤ መቀመጥ ነው። እሳቸው ቤታቸው ክፍት ነው፤ በየመምጣታቸው «ነይ፣ ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ» ይሉኛል። እኔ ግን ተጧሪ ለመሆን ገና ነኝ። በሙላቱ ሱቅ፣ በራሴ እጅ ሠርቼ ማደር ነበር የምፈልገው። ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ሁሉ ለዚህ ነው።

አንድ የግል ክሊኒክ ሄድኩ። በአግዳሚው ወንበር ላይ ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ጥቁሬን አይተው ተጠጉልኝ፤ አንዷ ተራዋን ለቀቀችልኝ። እንዲህ ያለውን ነገር አልረሳም። ውስጥ የነበረው ሐኪም ግን ገና ሳልቀመጥ፣

«ማን ሞቶብሽ ነው?» አለኝ።

«ባለቤቴ።»

«አይዞሽ። እስኪ ደም ስጪ።»

የደሙ ውጤት ታይፎይድ ነው ተባለ። ኪኒኑን ጨረስኩ። ስመለስ ሪህ ይሆናል፣ ቀይ ሥጋ ተዪ አለኝ። «ሥጋ መቼ በላሁና? ጾም ላይ ነኝ» አልኩት። የፍልሰታ ጾም ነበር። እሱም ሳቀ። መጨረሻ ላይ ጭንቀት ነው ብሎ የእንቅልፍ ኪኒን ጻፈልኝ። በዚያ ሁሉ መመላለስ ፊቴን አይቷል፣ ልብሴን አይቷል፤ እጄን ግን አንድም ጊዜ አልያዘም።

እንቅልፉ መጣልኝ፤ የሚያስፈራኝ ግን ሌሊቱ አልነበረም። የሚያስፈራኝ ንጋቱ ነው። ዓይኔን ሳልገልጥ መጀመሪያ የማደርገው ጣቶቼን ማንቀሳቀስ መሞከር ነበር። አልንቀሳቀስ ሲሉኝ ዓይኔን ላለመግለጥ እፈልጋለሁ። ከአልጋው በወዲያ በኩል ቁልፌን የሚቆልፍልኝ ሰው እንደሌለ የማስታውሰው ያኔ ነው። በዚያች ሰዓት ሐዘኔና ሕመሜ በእርግጥም አንድ ላይ ይተኛሉ። ሲረፍድ ግን ይለያያሉ። እጄ ሲላላ ሐዘኔ አይላላም። ይህን ሳስተውል ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ገባኝ።

በነሐሴ አጋማሽ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ተሰማና እትዬ ብርቄ ከሽማግሌዎች ጋር ሆነው መጡ። አዲስ ቀሚስ ይዘዋል፤ ግራጫ፣ ጥሩ ጨርቅ። ጥቁሩን ሊያስወልቁኝ ነው። በአገራችን ሐዘኑ የጠናባትን ሴት ጊዜው ሳይደርስ ሽማግሌ ገብቶ ልብስ ያስለውጣታል፤ ሐዘኑ እንዲቀልላት።

«ልጄ፣» አሉ ጋሼ ተሰማ፣ «ሙላቱን ሁላችንም እንወደዋለን። ግን ሐዘኑ እጅሽን እየበላው ነው። አውልቂው፤ ይለቅሻል።»

«ጋሼ፣ ብለውጥ ልብሴን ነው የምለውጠው። ጣቴ ያብጣል እንጂ ልብሴ አላበጠም።»

«አታስቸግሪ እንጂ አስካል። ሽማግሌ ፊት ነሽ» አሉ እትዬ ብርቄ።

«አላስቸገርኩም እትዬ። ይህን ጥቁር የለበስኩት ለሙላቱ ነው፤ ሙት ዓመቱ ሲደርስ በወጉ አወልቀዋለሁ። ለእጄ ብዬ አሁን ባወልቀው ሙላቱ ነው ያሳመመኝ ማለቴ ነው። እሱ በሕይወቱ አሳምሞኝ አያውቅም። ሐዘኔን ለብቻው ተዉልኝ። እጄን ግን እዩልኝ።»

እጄን ዘረጋሁላቸው። ጋሼ ተሰማ መነጽራቸውን አውጥተው አዩት። ለረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት። ግራጫው ቀሚስ ተጣጥፎ ሳጥን ውስጥ ገባ።

አሁን ወደ ተሳሳትኩበት መንገድ እመጣለሁ። ለማስጠንቀቅ ስል እጽፈዋለሁ፤ ዛሬም በየከተማው የሚደረግ ነገር ነው። ዩኒፎርሙ ሲደርስብኝ መድኃኒት ቤት ሄጄ ሻጩን ልጅ ለመገጣጠሚያ የሚሆን ነገር ስጠኝ አልኩት። ልጁ መርፌ ወጋኝ። ማዘዣ አልጠየቀኝም፣ እኔም የመድኃኒቱን ስም አልጠየቅሁትም። በማግስቱ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ፤ ተንቀሳቀሱ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያን ሳምንት መኪናው ላይ ተቀምጬ የሙላቱን ቁርጥ ሸሚዝ ሰፋሁት፣ ቁልፉንም በእጄ ተከልኩ። ሱቁ ተከፈተ።

የመርፌው ኃይል ሲያልቅብኝ ተመልሼ እወጋለሁ። የሚቆይልኝ ጊዜ እያጠረ ሄደ። በኪኒን አግዢው አለኝ፤ አገዝኩት። መስከረም ላይ ፊቴ ክብ ሆነ። ጉንጬ ሞላ፣ አንገቴ ወፈረ፣ ዓይኔ ጠበበ። ረኃቡም አይጣል ነው። ሰው ያየው ታዲያ ባሏ በሞተ በጥቂት ወር ያማረባትን ሴት ነው። ከሱቄ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት የስልጤው ነጋዴ ጋሼ ሸምሱ ደንበኞቻቸው ሲያሙኝ ሰምተው አፈሩልኝ፤ ለእኔ ግን አልነገሩኝም። የነገሩኝ እትዬ ብርቄ ናቸው፤ እሳቸው ነገር አያድርባቸውም።

«ፊትሽ ሞላ» አሉ በር ላይ ቆመው። ሰላምታ እንኳ አላስቀደሙም።

«ምን ላድርገው እትዬ።»

«እኔ ወንድሜን ቀብሬ ጉንጬ ገባ። አንቺ ባልሽን ቀብረሽ ጉንጭ አወጣሽ። እንዲህ የሚያወፍር ሐዘን ካለ ለእኛም አካፍዪን።»

«መርፌ እየተወጋሁ ነው።»

«መርፌ ሰው ያከሳል እንጂ ያወፍራል? ቡሬ ምን እንደሚባል ብነግርሽ። ሰው ይዛለች ነው የሚሉት።»

ያን ቀን ቁጣዬ ከሕመሜ በለጠ። ቆይቶ ግን ነገሩን ሳገላብጠው ገረመኝ። በነሐሴ እጄን ያሳመመው ሐዘኔ ነው ያሉት ሰዎች በመስከረም ሐዘን የለሽም አሉኝ። ሁለቱንም ጊዜ ያዩት ፊቴን ነው።

መርፌውን በቁጣ አቆምኩት። ይህም ሌላ ስሕተት ነው፤ እንዲህ ያለ መድኃኒት በአንድ ጊዜ አይቋረጥም። ወደቅሁ። ጉልበቴ ሳይቀር አበጠ፤ ከአልጋ ወደ በር የምሄደው ግድግዳ እየያዝኩ ሆነ። ሱቁን የዘጋሁት ያኔ ነው። ጋሼ ሸምሱ ቁልፉን ከእጄ ወስደው በሩን ቆለፉልኝና፣

«እትዬ አስካል፣ የኔ እህት ልጅ እንዲህ እጇ አብጦ ነበር። ጅማ ነው የታየላት፣ ትልቁ ሆስፒታል። አሁን ልጅ ታዝላለች» አሉኝ።

«ምንድን ነው አሏት?»

«ስሙን መያዝ አልችልም፤ ግን ሐዘን አይደለም። እሷ ያኔ ሙሽራ ነበረች።»

ይህች አንዲት ቃል አቆመችኝ። ሙሽራም የሚይዝ ከሆነ የእኔ ጥቁር ልብስ ጥፋት የለበትም።

ብቻዬን መሄድ አልችልም ነበር፤ አስታማሚ ያስፈልገኛል። ያለኝ ሰው እትዬ ብርቄ ብቻ ናቸው። ደወልኩላቸው። «እመጣለሁ» አሉ፣ ሌላ ምንም አልጨመሩም። በበደሌ አድርገን ጅማ ስንገባ ቀኑን ሙሉ አልተነጋገርንም ማለት ይቻላል። አውቶቡሱ ሲቆም ደግፈው ያወርዱኛል፣ ሲነሣ ደግፈው ያወጡኛል።

ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ያለው የተመላላሽ ታካሚ መጠበቂያ ሰው ከሰው ተደጋግፎ የሚቀመጥበት ነው። ጠዋት ገብተን ተራችን እስኪደርስ ቀኑ ጋመ። ከጎናችን የተቀመጡ፣ ከከፋ አገር የመጡ ሽማግሌ ምሳቸውን ቆርሰው አካፈሉን፤ እጄ ስላልጨበጠ በእጃቸው አጎረሱኝ። እትዬ ብርቄ ያንን አይተው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ዶክተር ለሜሳ እለዋለሁ፣ እውነተኛ ስሙ አይደለም። ገና ሳልናገር ሁለቱን እጆቼን ያዘ። አንጓዎቹን አንድ በአንድ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገ። ሲያመኝ ፊቴን እያየ ያቆማል። ከታመምኩ ጀምሮ እጄን የያዘ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ ነው። ከዚያ፣

«ጠዋት ሲነሡ ምን ያህል ይቆያል ግትር ማለቱ?» አለኝ።

«እስኪረፍድ።»

«ሁለቱም እጅ?»

«ሁለቱም። እግሬም።»

ቀና ብሎ ፊቴን አየ። «ምን መርፌ ነበር የሚወጉት?»

እትዬ ብርቄ ወንበራቸው ላይ ተስተካከሉ። ስሙን ባላውቅም የሆነውን ነገርኩት። «ስቴሮይድ ነው» አለ። «ብግነት ያበርዳል፤ እኛም ለክፉ ቀን በልክ እንሰጠዋለን። ያለ ልክ ሲሆን ፊት ያሳብጣል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ስኳርና ግፊት ያመጣል። ይህ የፊትዎ ነገር ውፍረት አይደለም፤ መድኃኒቱ ነው። ቀስ ብሎ ይወርዳል።»

እትዬ ብርቄን አላየኋቸውም። ማየት አላስፈለገኝም።

ደም ሰጠሁ፣ የእጄም የደረቴም ራጅ ተነሣ። ውጤቱን ይዘን ስንመለስ በሽታው የመገጣጠሚያ ብግነት እንደሆነ፣ ሩማቶይድ እንደሚባል ነገረኝ። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት ሕመም ነው አለ። አልገባኝም አልኩት። ትንሽ አሰበና ጠየቀኝ።

«እድር አለዎት?»

«እንዴት አይኖረኝም።»

«ጥሩምባው ሲነፋ ምን ያደርጋሉ?»

«ሥራዬን ትቼ እወጣለሁ። ወደ ለቅሶው ቤት።»

«የመቱዎቹ አሁን በማይክ ሆነዋል» አሉ እትዬ ብርቄ። «ቡሬ ግን ጥሩምባ ነው።»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «ሰውነታችንም ጥሩምባ አለው። አንድ ቦታ ሲቆስል ወይም ተውሳክ ሲገባበት፣ የተጎዳው ቦታ ጥቃቅን የጥሪ ንጥረ ነገሮች ይረጫል። ኬሞካይን ይባላሉ። በደም ውስጥ የሚዞሩት ነጭ የደም ሴሎች ደግሞ በገላቸው ላይ ያንን ጥሪ የሚሰማ ጆሮ አላቸው፤ ተቀባይ እንለዋለን። ጆሮ ያለው ይሰማል፤ ከደም ሥሩ ወጥቶ ጥሪው ወደ በረታበት ይሄዳል። እዚያ ደርሶ ተውሳኩን ይዋጋል፣ ቁስሉን ያጸዳል። ሥራው ሲያልቅ ጥሪው ይቆማል፤ ሰዉም ይበተናል። ይህ ባይኖር በአንዲት እሾህ እንሞት ነበር።»

«ታዲያ እኔ እጅ ላይ ማን ሞቶ ነው?» አልኩት።

«ማንም አልሞተም። ችግሩም እሱ ነው። ለቅሶ የሌለበት ቤት ውስጥ ጥሩምባ እየተነፋ ነው። የመጡትም ሴሎች ያስተውሉ፣ የየራሳቸውን ጥሩምባ ይዘው ነው የመጡት፤ እነሱም ነፍተው ሌላ ይጠራሉ። ቤቱ ሞልቶ ይተርፋል። ሲቆዩ ግድግዳውን ይገፉታል፤ ልም አጥንቱን፣ አጥንቱን። እብጠቱ የእነሱ ብዛት ነው።»

የለቅሶ ቤቴ ታየኝ፤ ድንኳኑ ፈርሶም ሰዉ አልሄድ ብሎ ፍራሹ ላይ እንደተቀመጠ።

እትዬ ብርቄ ወደ እሱ ጠጋ አሉ። «ዶክተር፣ እንግዲያ ሐዘኑ አይደለም ማለት ነው?»

«ሐዘን ሕመምን ሊያባብስ ይችላል፤ አይካድም። ግን ሐዘን የጣት አጥንት አይበላም፣ እናቴ። ይህ ባልዋ ባይሞትም ሊይዛት ይችል ነበር።»

እትዬ ብርቄ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ።

«ታዲያ ጥሩምባውን ለምን አትዘጉትም?» አልኩት እኔ።

«ሊቃውንቱ ሞክረዋል። ግን ጥሩምባው አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው። አንዱን ሲዘጉት ሌላው ይነፋል። ለዚህ ሕመም እስካሁን የሠራው ሌላ መንገድ ነው፤ የሚመጣውን ሕዝብ ማብረድ፣ ማረጋጋት። ፈጽሞ አናስቀረውም። ቢቀር ለእውነተኛ ለቅሶ የሚመጣ ያጣሉ። የደረትዎን ራጅ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ሰው ሳያውቀው የሳንባ ነቀርሳ ይዞ ሊኖር ይችላል፤ የተጠሩት ሴሎች ተውሳኩን ከበው አጥረውታል። እኛ ሳናይ አጥሩን ብናላላ ተውሳኩ ይወጣል።»

ራጁ ንጹሕ ነበር። መድኃኒቱን ሲሰጠኝ አጥብቆ የነገረኝን እኔም አጥብቄ እነግራችኋለሁ፤ ሜቶትሬክሴት የሚባለው ኪኒን በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው የሚዋጠው። በየቀኑ የዋጠው ሰው ሊሞት ይችላል። አብሮት ፎሊክ አሲድ ይሰጣል፤ ደምና ጉበት በየጊዜው ይታያል። ቶሎ አይሠራም። «ወራት ይፈልጋል፤ ተስፋ እንዳይቆርጡ» አለኝ። ሰውነቴ የለመደውን የመርፌውን መድኃኒትም በትንሽ በትንሹ እየቀነሰ ሊያስለቅቀኝ ሌላ ኪኒን ሰጠኝ።

«እሰፋለሁ?» አልኩት። ልጠይቅ የመጣሁት ይህንን ብቻ ነበር።

«ቀድመው ቢመጡ ኖሮ እርግጠኛ ሆኜ እነግርዎ ነበር። አሁን ሁለት ጣትዎ ተነክተዋል። የቀሩትን እናድናለን ብዬ ነው የምሠራው። እርስዎም እንደዚያ ብለው ይሥሩ።»

ተስፋና እውነት አንድ ላይ የሰጠኝ ሰው እሱ ነው።

በማግስቱ ጠዋት መነኸሪያው ውስጥ ብርድ ነበር። ሹራቤ ደረቱ ክፍት ነው፤ ጣቴ ገና አልላላም። እትዬ ብርቄ ሳልለምናቸው ጎንበስ አሉና ከታች ጀምረው እስከ አንገቴ አንድ በአንድ ቆለፉልኝ። መጨረሻው ላይ እጃቸው ቁልፉን እንደያዘ ቀረ።

«ቡሬ ያለውን አፍ እኔ እዘጋዋለሁ» አሉ።

«ምን ብለው?»

«መርፌ ያሳብጣል ብዬ። ዶክተር ነው ያለው ብዬ። ደግሞ አንዷ ትናገር።»

ሳቅሁ። ሙላቱ ከሞተ ወዲህ በቅጡ የሳቅሁት ያኔ ይመስለኛል። እሳቸውም ስቀው «ውፍረቱ ግን ያምርብሻል» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የሚያስደንቅ አይደለም። ሥራ ነው። ኪኒኑን እሑድ ከቅዳሴ መልስ እውጣለሁ። ሰኞ ያቅለሸልሸኛል፤ ሰኞን ለማቅለሽለሽ ሰጠኋት። ጠዋት እጄን ለብ ባለ ውኃ ነክሬ አንድ በአንድ አጥፌ እዘረጋቸዋለሁ። መድኃኒቱ መቱ የጠፋ ጊዜ ከጅማ በሾፌር ያስላክኩበት ቀን አለ፤ ከዚያ ወዲህ ሳያልቅብኝ ነው የምፈልገው። ጋሼ ተሰማ ለእድሩ ሰው ነግረው ከለቅሶ ቤት ሥራ ከባድ ድስት ማንሣቱ ቀረልኝ፤ በምትኩ ተቀምጬ እንግዳ እቀበላለሁ። ጋሼ ሸምሱ የሙላቱን ትልቅ መቀስ መያዣ በጨርቅና በጎማ ወፈር አድርገው ጠቀለሉልኝ። መቀስ ይዤ አላውቅም ነበር። በመጀመሪያ የቆረጥኩት ጨርቅ ተበላሸ። ሁለተኛውም። ሦስተኛውን አንድ የሶር ወንዝ አካባቢ ገበሬ ለልጁ ወሰደው፤ እጅጌው ትንሽ ይረዝማል፣ ልጁ ያድግበታል ብሎ።

በኅዳር ሱቁን መልሼ ከፈትኩ። ፊቴ እየጎደለ መጣ፤ አሁን ደግሞ ከሳሽ አሉኝ። እኔ መስፋቴን ቀጠልኩ።

ሙት ዓመቱ በግንቦት ደረሰ። ከተዝካሩ በኋላ ግራጫውን ቀሚስ ከሳጥኑ አወጣሁት። እትዬ ብርቄ ሊረዱኝ ተነሡ። «ይቀመጡ እትዬ» አልኳቸው። ፊት ለፊቱ ከላይ እስከ ወገቡ ቁልፍ ነው። ሁለቱ የተጎዱት ጣቶቼ እንደታጠፉ ቀርተዋል፣ እነሱ አይረዱኝም፤ የቀሩት ተማሩ። ጊዜ ወሰደብኝ። ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው፣ ሴቶቹ ቆመው እየጠበቁኝ፣ ከታች ጀምሬ እስከ አንገቴ ቆለፍኩት። ጥቁሩን ያወለቅሁት እንዲህ ነው፤ በቀኑ፣ ለሙላቱ። ሐዘኔ አልወጣም። ልብሱ ብቻ ነው የወጣው፤ ያንን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

አሁን ዩኒፎርም የሚሰፋበት ወር እየቀረበ ነው። ባለፈው ሳምንት ቁልፍ ስተክል መርፌው ጠቋሚ ጣቴን ወጋኝ፤ ጠለቅ ብሎ። በማግስቱ ጣቴ ቀላ፣ ሞቀ፣ አበጠ። ፈራሁ፤ እብጠት ባየሁ ቁጥር እንዲህ ነኝ። ዶክተር ለሜሳ ጋ ደወልኩ። ትኩሳት አለዎት? አለኝ፤ የለኝም። ሌላው ጣትስ? ደኅና ነው። አጥበው ይጠብቁት፤ ትኩሳት ከመጣ ወይም ወደ እጅዎ ከወጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ሆስፒታል ይግቡ አለኝ።

አጠብኩትና መኪናው ላይ ተቀምጬ ጠበቅሁት። ሲሞቅ ይሰማኛል። ጥሩምባው ተነፍቷል፤ በዚህ ጊዜ እውነተኛ ነው። ትንሽ መግል ያዘ፣ ፈነዳ፣ ደረቀ። ከዚያ እብጠቱ ጎደለ፤ ቅላቱ ጠፋ። የተጠሩት መጥተው ሥራቸውን ሠርተው ወደየቤታቸው ሄደዋል።

ዛሬ ጠዋት ዓይኔን ሳልገልጥ ጣቶቼን አንቀሳቀስኩ። ተነሥቼ የቀረውን ቁልፍ ተከልኩ።